ለጠመንጃ የማይሆን

አባቴ የሞተ ጊዜ የከተማችን የኤልበርት ወንድ በሙሉ አለቀሰ። ግማሹ ያለቀሰው ለመለኮሻው እንደነበር የገባኝ ግን ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው።

መለኮሻ የምለው ከጥይት ቀለህ ቂጥ ላይ የምትወተፈውን፣ ምስር የምታህለውን የብረት ቆብ ነው። የጠመንጃው መርፌ ሲመታት ባሩዱን ትለኩሳለች። እኛ ጋ ያለቀለት ጥይት ገዝቶ የሚተኩስ እንግዳ ብቻ ነው። የአገሩ ሰው የተኮሰውን ቀለህ ለቅሞ፣ ጠርጎ፣ ቤቱ መልሶ ይሞላል። ባሩድ አይጠፋም፤ እርሳስ አቅልጦ አረር የሚያወጣም አለ። መለኮሻን ግን ማንም ቤቱ አይሠራትም። አባቴ በሞተበት ዓመት ደግሞ መለኮሻ ከሞንታና ምድር ድርግም ብላ ጠፋች።

ለምን እንደጠፋች ሁሉም የየራሱ ወሬ ነበረው። ዋነኛው ወሬ፣ መንግሥት መለኮሻ እንደ ወተት የሚበላሽበት ቀን እንዲኖራት ሊያዝዝ ነው የሚል ነበር። ዕድሜዬ አስር ነው፤ አመንኩ። ምድር ቤት ወርጄ የአባቴን መለኮሻዎች ፓኮ በፓኮ አሸተትኳቸው። ደህና ነበሩ።

አባቴ ኦርቪል ታምብሊን ግንድ ቆራጭ ነበር። መጋቢት ላይ ከጭነት መኪና የተንከባለለ ግንድ ገደለው። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ መለኮሻ ሲያከማች ኖሯል። የምድር ቤታችን አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መደርደሪያ ነበር፤ በየፓኮው ላይ በቀይ እርሳስ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጽፎበታል። እናቴ ላቨርን፣ "የኔ የኮክ ማርማላታ የልጁ አልጋ ስር የሚያድረው በዚህ ጉድ የተነሳ ነው" ትል ነበር። እኔ ግን አባቴ ከሞተ በኋላ ያንን ግድግዳ ሳይ አባቴን ያየሁ ይመስለኝ ነበር። አንድ ፓኮ በጎደለ ቁጥር ከሱ አንድ ነገር ይጎድላል።

የቀብሩ ዕለት ሰው ቤታችን ሞላ። ሽንት ቤታችን ፎቅ ላይ ነው። ወንዶቹ ግን "ሽንት ቤት ልሂድ" እያሉ አንድ በአንድ ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ። ለብቻቸው ሊያለቅሱ ነው ብዬ አዘንኩላቸው፤ እንዳይደናቀፉም ደረጃው ላይ ቆሜ ባትሪ አበራሁላቸው። ፓስተራችን ዓይኑ ቀልቶ ወጣና እጁን ራሴ ላይ አድርጎ፣ "ልጄ፣ አባትህ ምን ያህል እንደነበረው አናውቅም ነበር" አለኝ።

በማግስቱ ክላይድ መጣ። ክላይድ የከተማዋ የጠመንጃ ሱቅ ባለቤት ነው። ሱቁ በር ላይ "ለአንድ ሰው አንድ ፓኮ" የሚል ወረቀት ለጥፏል፤ ውስጥ ግን አንድም ፓኮ የለም። ባርኔጣውን አውልቆ ወጥ ቤታችን ተቀመጠ።

"ላቨርን፣ አንቺ በዚህ ሐዘን ላይ ስለ ዕቃ ማሰብ የለብሽም። በአንዴ ጭኜ ልገላግልሽ" አላት።

"አልሸጥም" አለች እናቴ።

"ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው? እንደ ዶቃ ልታደርጊው?"

እናቴ ትንሽ አሰበች። ከዚያ በኋላ ከተማውን እስከ ገና ያሳበደውን ነገር ተናገረች። "ሥራ የሠራልኝ ሰው አንድ ፓኮ ይወስዳል። ወርዶ ራሱ ይምረጥ። ዌንዴል ያበራለታል።"

ዌንዴል እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ዕረፍት አጣ። ጎረቤታችን ሚልት የማያፈሰውን ጣሪያችንን ሦስት ጊዜ ቀየረው፤ በሦስተኛው ማፍሰስ ጀመረ። እንጨት ፈላጩ ከመብዛቱ የተነሳ ክምሩ የወጥ ቤቱን መስኮት ሸፈነና በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተን ምሳ በላን። አጥሩ ተነቅሎ ተተከለ፤ ሌላ ሰው መጥቶ ዘሟል ብሎ መልሶ ነቀለው። ውሻችን በሳምንት ሦስቴ ስለሚታጠብ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር አልጋ ስር መግባት ጀመረ። ፓስተሩ የሚሠራ ሥራ ቢያጣ ለዶሮዎቻችን ጸለየ። እናቴም፣ "ለጸሎት ግማሽ ፓኮ" አለችው። ቆጥሮ ወሰደ።

ማንም ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ሲኬድ በምድጃ የተጋገረ ድንችና የተፈጨ ሥጋ በትሪ ይዞ መሄድ የአገሩ ወግ ነው። ትሪው ቂጥ ላይ ያመጣችው ሴት ስም በፕላስተር ይለጠፋል፤ ምግቡ ሲያልቅ ታጥቦ ይመለሳል። በግንቦት ወር ውስጥ አስራ አንድ ትሪ ተደርድሮብን ነበር። እስከ ዛሬ ድንች በሥጋ ሲሸተኝ ቀብር ትዝ ይለኛል።

እኔ የምድር ቤቱ ሹም ሆንኩ። ወንዶቹ ከመደርደሪያው ፊት ሲቆሙ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገቡ። ክላይድ ፓኮውን ጆሮው ላይ አድርጎ ይነቀንቃል። ሚልት ከጎኑ የተጻፈውን ቁጥር እያነበበ፣ "ይሄኛው በብርድ ወራት የተሠራ ነው፣ ደረቅ ነው" ይላል። አባቴ እንደዚያ አያደርግም ነበር። እሱ ከየዓይነቱ አምስት አምስት ጥይት ሞልቶ፣ በብርድ ቀን ወረቀት ላይ ተኩሶ፣ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ይለካል። አምስቱን ቀዳዳ በአንድ አውራ ጣት የሸፈነለትን ይመርጣል። አንዴ ከመረጠ ሌላ ዓይነት አይነካም። ለኛ ጠመንጃ የመረጠው ከላይኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ አስራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ በዚያ ጠመንጃ ፈረስ የሚያህለውን አጋዘን፣ ኤልክን፣ እንደማድን ቃል ገብቶልኛል።

እኔም ከሱ የተማርኩትን ያህል አውቅ ነበር። የጠመንጃው መለኮሻ ትልቅ ነው፣ የሽጉጡ ትንሽ። ትንሿን ትልቁ ቀለህ ላይ ብትወትፋት የልጅ ጫማ ያደረገ... አይ፣ ልጅ የአባቱን ጫማ ሲያደርግ እንደሚሆነው ነው፤ ትንከላወሳለች። ኤልበርት ውስጥ ደግሞ ማን ምን ጠመንጃ እንዳለው የማያውቅ የለም። ሰውየው ደረጃውን ሲወርድ የትኛውን እንደሚያነሳ አስቀድሜ አውቃለሁ። አንድም ሰው አላሳሳተኝም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ያ ሰው የትምህርት ቤታችን አውቶቡስ ሾፌር ቨርሊን ኦድጋርድ ነው። አንገቱ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዛ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት በጋ እንኳ የሾፌር ቆቡን የማያወልቅ ወንደላጤ ነበር። አንድ ሐሙስ በራችንን አንኳኳ።

"ወይዘሮ ታምብሊን፣ የሚሠራ ነገር ካለ ብዬ ነው" አላት። ከመጡት ሁሉ እናቴን አንቱ ያላት እሱ ብቻ ነው።

"ምን የቀረ ሥራ አለ ብለው ነው አቶ ኦድጋርድ? ሚልት አራተኛ ጣሪያ ሊጀምር ነው።"

በእናቴ ትከሻ አሻግሮ ወጥ ቤቱን አየ። "ሳህንስ?"

እናቴ ዞር ብላ የተከመሩትን ትሪዎች አየችና ሳቀች። ከመጋቢት ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። እሱ አጠበ፣ እሷ ወለወለች። ከዚያ በየሐሙሱ ይመጣ ጀመር፤ ትሪዎቹን አጥቦ፣ በአውቶቡሱ ለየባለቤቶቻቸው አድሎ ይመለሳል። ከቧንቧው ድምፅ ሥር ሲያወሩ ይሰማኛል፤ ምን እንደሚሉ ግን አይሰማኝም። እኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌላው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ሲጠብሰው፣ ይሄ ሰነፍ ቀላሏን ሥራ መርጦ እኩል ፓኮ ይወስዳል።

የመጀመሪያው ቀን ምድር ቤት አወረድኩት። መደርደሪያውን ሳያይ፣ "ዌንዴል፣ ብዙ ሰው የማይፈልገው የትኛው ነው?" አለኝ።

"የሽጉጡ፣ ትንሹ።"

"እሱን ስጠኝ።"

"ሽጉጥ አለዎት እንዴ?"

"የለኝም።"

ዓይኑን እንኳ አላሸም። ያለው አንድ የአባቱ አሮጌ ጠመንጃ ነው። እንዲህ ያለ ዓይን አውጣ አይቼ አላውቅም።

"ላንተ ጠመንጃ የሚሆነው የትኛው ነው?" አለኝ ቀጥሎ።

ሞኝ ነኝ፣ በባትሪው አሳየሁት። የላይኛውን ረድፍ ትንሽ ተመለከተና፣ "ደብቀው" አለኝ። "አንድ በአንድ ሄዶ ያልቅብሃል።"

ሊሰርቀኝ ቦታውን እያጠና ነው አልኩ። ማታውኑ የላይኛውን ረድፍ በሙሉ አውርጄ አልጋዬ ስር፣ ከእናቴ ማርማላታና ከውሻው ጋር አስገባሁት። በጋውን ሙሉ አንድ እግሬን ወደ ወለሉ አንጠልጥዬ ተኛሁ።

መስከረም ላይ ክላይድ ሱቁ ውስጥ እየጮኸ ደረስኩ። ነዳጅ ማደያው ጓሮ አንድ ሰው መለኮሻ በሦስት እጥፍ እየቸረቸረ ነው። "አውሬ ነው!" ይላል ክላይድ። "በጎረቤቱ ችግር የሚነግድ! እኔ ልንገራችሁ፣ ራሱ የማይተኩሰውን መለኮሻ የሚሰበስብ ሰው ፈልጉ። እሱ ነው።"

ቸርቻሪው ራሱ ክላይድ ነበር። የወንድሙ ልጅ፣ ለክላይድ ማደያው ጓሮ ቆሞ ይሸጥ የነበረው፣ ካደግን በኋላ ሰክሮ ነግሮኛል። በዚያን ቀን ግን ክላይድ ሲጮህ እንባው ሊመጣ ደርሶ ነበር፤ እኔም አመንኩት። ራሱ የማይተኩሰውን የሚሰበስብ አንድ ሰው አውቃለሁ።

አደኑ ሊከፈት ዋዜማ የእሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ የፓንኬክ ቁርስ ይደረጋል፤ ማር እያፈሰሱ የሚበሉት ስስ ቂጣ ነው። የእሳት መኪናዋን ወደ ውጭ አውጥተው ረጃጅም ጠረጴዛ ይዘረጋሉ፤ ሰማንያ ሰው ያህል ይሰበሰባል። እናቴ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ከቀብሩ ወዲህ ከጥቁር የወጣችው ያን ቀን ነው። ቨርሊን ለብቻው መጣ፤ እኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ተቀመጠ፤ በእሱና በእናቴ መሐል አንድ ባዶ ወንበር ትተዋል። ለኔ ነው። እዚያ ስቀመጥ ከካፖርቱ ኪስ የፓኮ ጥግ ብቅ ብሎ አየሁ። የሐሙሱ ፓኮ ነው፣ አስራ ስምንተኛው።

እጄን ሰድጄ መዠረጥኩት። አልከለከለኝም። ወንበሩ ላይ ቆምኩ።

"ሌባውን አገኘሁት!"

ክላይድ ከወዲያኛው ጠረጴዛ፣ "ማነው ደግሞ? ሸሪፉ?" አለ፤ ሰው ሳቀ።

"አቶ ኦድጋርድ ናቸው! ሽጉጥ የላቸውም። በየሐሙሱ ግን የሽጉጥ መለኮሻ ይወስዳሉ። ይኸው! አስራ ስምንት ፓኮ!"

ሚልት ሹካውን አስቀመጠ።

"ቨርሊን፣ እውነቱን ነው?"

"እውነቱን ነው።"

"የጥይት መሙያ እንኳ የለህም እኮ፣ አንተ ሰው! ምን ያደርግልሃል?"

ክላይድ ቀድሞ መለሰለት፤ ከሁሉም ድምፁ ይጎላ ነበር። "ምን ያደርግለታል ትላለህ? የማደያውን ጓሮ ጠይቀው!"

ሰማንያ ሰው ነበር። ስለ መለኮሻ ጥንካሬና ልስላሴ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩ፣ ፓኮ በጆሯቸው የሚያዳምጡ አዋቂ ወንዶች። ጥይት የማይሞላ ሰው ለምን በየሐሙሱ እየመጣ የሌላ ሰው ትሪ እንደሚያጥብ አንዳቸውም አልጠየቁም። ሴቶቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። የሚልት ሚስት እናቴን አየቻት፣ ከዚያ አቀርቅራ ሳህኗን አየች። ይህን ያስተዋልኩት ያኔ አይደለም፤ ፊቷ ውስጤ ተቀምጦ ኖሮ ከስንት ዓመት በኋላ ነው የታየኝ።

ቨርሊን ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ እጄ ላይ ያለውን ፓኮ ታያለች። ባሏ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው፤ ከተማው በሙሉ ከአፉ ማር እየተንጠባጠበ ተቀምጧል። ቀና ብትል ኖሮ እሱም ለምን እንደሚመጣ ይናገር የነበረ ይመስለኛል። ቀና አላለችም።

"ልጁ ልክ ነው" አለ ቨርሊን። "ለጠመንጃዬ አይሆኑም።" ያልጨረሰውን ሳህን አንስቶ የሚታጠበው ጋ ወስዶ አስቀመጠ፣ ቆቡን አስተካከለ፣ ወጣ።

ወንዶቹ ጀርባዬን መቱኝ። "የኦርቪል ልጅ!" አሉኝ። ክላይድ የራሱን ፓንኬክ ሰጠኝ፤ ሁለት ነበሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም። ይኸን ስጽፍ እንኳ፣ እውነቱን ልናገር፣ የክብሩ ጣዕም አፌ ላይ አለ፤ የሚያስመልሰኝም እሱ ነው።

እናቴ አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። እቤት ስንደርስ ማር የተለወሰ እጄን ይዛ በሙቅ ውሃ ጣት በጣት አጠበችኝ። ረጅም ጊዜ አጠበችኝ።

ለገና መደርደሪያው ባዶ ሆነ። በዚያው ሳምንት ሰው መምጣት አቆመ፤ ትሪውም፣ ጣሪያውም፣ ጸሎቱም። የሚያፈሰውን ጣሪያ ሚልትን ብንለምነው ወገቤን አለ። እንጨቱ አራት ክረምት አሞቀን። አስራ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ የኔ መለኮሻ እንዳያልቅ ልጨምር ብዬ ክላይድ ሱቅ ተሰለፍኩ። ዕቃ ገብቶለት ነበር። "ለአንድ ሰው አንድ ፓኮ ነው" አለኝ፤ "ልጅ አይቆጠርም።" ከአባቴ ግድግዳ ላይ ሠላሳ አንድ ፓኮ የወሰደ ሰው ነው። ይህን አልረሳም፤ እሱም አልረሳም መሰለኝ፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰማይ ሰማይ ያያል። ኤልኬን የጣልኩት አልጋዬ ስር በነበረው ነው፤ "ደብቀው" ባለኝ ሰው ምክር ማለት ነው።

እሱ ደግሞ አውቶቡሱን መንዳቱን ቀጠለ። ስዘገይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ትምህርቴን አስረኛ ክፍል ላይ ጥዬ እስክወጣ ድረስ በየጠዋቱ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ተጠንቀቅ ዌንዴል፣ ደረጃው በረዶ ነው።" ፀደይም ቢሆን ይለኛል። እያሾፈብኝ ነው ብዬ ስድስት ዓመት ጠላሁት።

በወረርሽኙ ጊዜ መለኮሻ ዳግም ጠፋች። ያው ወሬ፣ ያው ሰልፍ፣ የወንዶቹ ሆድ ብቻ ጨምሯል። አንድ ሰው፣ የቨርሊን ኦድጋርድ ቤት ዕቃ እየተሸጠ ነው፣ ውስጡ መለኮሻ አለ አለኝ። ቨርሊን በዚያ ክረምት ሞቷል፤ ሳያገባ ነው የሞተው። ስደርስ ወንዶቹ በረንዳው ላይ ተሰልፈዋል፤ ከፊት ክላይድ አለ፣ ሰማንያ አራት ዓመቱ፣ በተሽከርካሪ ወንበር።

የቨርሊን የእህት ልጅ አንድ የጫማ ካርቶን ይዛ ወጣች። "ይኸ ምን እንደሆነ አላውቅም" አለች። "ወጥ ቤት ነው ያገኘሁት፣ ከሳህኖቹ መሐል።"

ክላይድ አንገቱን አሰገገ። "የሽጉጥ ነው፣ ትንሹ። ይሁን፣ እኔ እወስደዋለሁ።"

ካርቶኑ ውስጥ አስራ ሰባት ፓኮ ነበር። አንዱም አልተከፈተም። በሁሉም ላይ በቀይ እርሳስ የአባቴ ፊደል አለ።

"ሁሉንም እኔ ነኝ የምወስደው" አልኩ።

"አንተ ደግሞ ሽጉጥ መቼ አለህ?" አለ ክላይድ።

"የለኝም።"

ልጅቷ ግራ ገብቷት ታየናለች። በሩ ድረስ ያለውን በረዶ እንደምጠርግላት፣ የተከመረውንም እንጨት እንደምፈልጥላት ነገርኳት። "ለዚህ ለትንሽ ካርቶን?" ብላ ሳቀች። እስኪመሽ ሠራሁ። ክላይድ መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ ሐሳቤን እቀይር እንደሆነ ብሎ፣ ለረጅም ጊዜ ጠበቀ።

እናቴ አሁንም እዚያው ቤት ናት። ፓኮዎቹን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። መነጽሯን አደረገች። አልነካቻቸውም፤ በዓይኗ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ሄደች።

"አንድ ጎድሏል" አለች።

ምድር ቤት ወረድኩ። የአባቴ መሥሪያ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እንደ ኒሻን ያስቀመጥኩት አስራ ስምንተኛው ፓኮ ነበር። አምጥቼ ከነሱ ጎን አስቀመጥኩት።

እናቴ ተነስታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ሳህን አወጣች፤ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት። ሁሉንም የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደርድራ ቧንቧውን ለቀቀችው።

"እማዬ፣ ንጹሕ ናቸው እኮ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች፣ መወልወያ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ። "እጠብ።"